ሰንጋ አልገባም ያለበት በር

በሕይወቴ እንደ መጀመሪያው የሥራ ቀኔ ያለቀስኩበት ቀን የለም። ቦታው ወልቂጤ፣ የሐጂ ኸይሩ ብየዳ ቤት ነው። ሐጂ በጠዋት ተቀበሉኝና፣ "ስማ ዳርጌ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ የፈለግከውን ንካ፤ የብየዳውን ብርሃን ግን በባዶ ዓይንህ እንዳታይ" አሉኝ። እኔ ደግሞ አትሞክር የተባልኩትን ካልሞከርኩ የበላሁት የማይፈጭልኝ ሰው ነኝ። ዋናው በያጅ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ሲጭረው ፊት ለፊቱ ቆሜ አፈጠጥኩበት። በጣም ያምራል። ይህን የመሰለ ነገር ለምን እንደከለከሉኝ ገረመኝ።

ከሥራ ስንወጣ ገባኝ። ገልባጭ መኪና መጥቶ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የደፋ መሰለኝ። አከራዬ ድንች በስሱ ቆርጣ ዓይኔ ላይ ለጠፈችልኝ፤ ድንቹ እንኳ በእንባዬ ሊበስል ምንም አልቀረው። በዚያ ዓመት የዋቤ ወንዝ ከልክ በላይ ሞላ ሲባል ሰው ሁሉ ዝናቡን አመሰገነ። እኔ ግን ምስጢሩን አውቃለሁ።

በማግስቱ ያበጠ ዓይኔን ይዤ ስገባ ሐጂ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ምነው፣ እናትህ ናፈቀችህ?"

"አይ ሐጂ፣ ሥራው ደስ ብሎኝ ነው።"

"ደስታህ እንዲህ ከሆነ ኀዘንህን አያሳየን" ብለው የሽቦ ብሩሽ ሰጡኝ።

ሐጂ ቤት ማዕረግ አለ። የሽቦ ብሩሽ የያዘ ዝገት ይፈገፍጋል፤ ከሱ በታች ያለው ግቢውን የሚጠብቀው ውሻ ብቻ ነው። ቀጥሎ በግራይንደር የሚቆርጥ አለ። ከዚያ ብረቱን በማዕዘን መለኪያው፣ በስኳድራ፣ አስተካክሎ በነጥብ በነጥብ የሚያያይዝ። ከሁሉም በላይ ዋናው በያጅ ነው፤ እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲራመድ ወረዳ አስተዳዳሪ እንኳ መንገድ ይለቅለታል። እኔ እነዚህን ደረጃዎች ስወጣ ፀጉሬ ከፊት መሸሽ ጀመረ። ሙቀቱ ነው እንጂ ዕድሜ አይደለም።

ዋና በያጅ ሆኜ ምን በየድኩ? ፀሐይ። ሐጂ አንድ የበር ንድፍ ብቻ ነበራቸው፦ ከላይ ግማሽ ክብ፣ ከክቡ የሚፈነጠቁ የብረት ጨረሮች። ከወልቂጤ እስከ ጉብሬ በባጃጅ የሄደ ሰው ፀሐይ በግራም በቀኝም ስትወጣበት ይውላል። በዚያ መንገድ ኮፍያ ሳላደርግ ሄጄ አላውቅም።

አንድ ቀን ጨክኜ፣ "ሐጂ፣ እስቲ ለለውጥ ያህል የእንሰት ቅጠል እንስራ" አልኳቸው። በጠመኔ ላሜራ ላይ ስዬ አሳየኋቸው። ጭንቅላታቸውን አዘንብለው አዩት።

"ዳርጌ፣ እንሰት በሁሉም ጓሮ አለ። ፀሐይ ግን ክረምቱን ሙሉ የለችም። ሰው የሚገዛው የሌለውን ነው።"

"ግን ሐጂ፣ ፀሐይ ሰለቸችኝ።"

"አንተን እንጂ ደንበኛን አልሰለቸችም። በል፣ ጨረሩን አሳጥረው፤ ያለፈው ረዝሞብሃል።"

የተጣላነው በደሞዝ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ በደሞዝ ነው እላለሁ፤ እንዲያ ሲባል ቶሎ ይገባዋል። እውነቱ ግን ከቅጠሉ በኋላ እጄ ፀሐይ አልበይድም አለ። ብየዳው ይንሻፈፍብኝ ጀመር። ስለዚህ አንድ ሰኞ ቢሮአቸው ገባሁ። ቢሮ የምለው በሁለት በርሜል መካከል ያለችውን ወንበራቸውን ነው።

"ሐጂ፣ ልወጣ ነው። የራሴን ልከፍት።"

"የት?"

"ቡታጅራ።"

"ቡታጅራ ምን አለ?"

"እርስዎ የሉማ።"

ኮፊያቸው እስኪወልቅ ሳቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ፤ እኔም የክርስቲያን ልጅ አሜን አልኩ። ሲጨርሱ አንድ መንጋጋው የተሸረፈ ሞርሳ ሰጡኝ። "ይሄ ብረት ይይዛል፤ ደንበኛ አይዝልህም። እሱን ራስህ ታገል" አሉኝ። ሞርሳውን ተሸክሜ ሚኒባስ ስገባ ረዳቱ የአንድ ሰው ሂሳብ ሊያስከፍለኝ ፈለገ። ለእኔ አይደለም፣ ለሞርሳው።

ቡታጅራ የባለቤቴ የብርቄ አገር ነው። የእቁብ ዕጣዋ ሲወጣ በብየዳ ማሽን እንድትለውጠው ለመንኳት። ብርቄ ስትቆጣ አትጮኽም፤ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። ያን ቀን ለመስማት ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

"እስከ መስቀል" አለች።

"እስከ መስቀል ምን?"

"እስከ መስቀል አንድ ሁነኛ በር ካልሰራህ፣ ማሽኑን ሸጬ አንተን ራሴ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ ለሐጂ አስረክብሃለሁ። ፀሐይህን ትበይዳለህ።"

ቀጠሮው ከሰማይ የወረደ አይደለም። በእኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ጣሪያው ሲያፈስ ዝም ያለ ሰው መስቀል ሲደርስ በሩን ያድሳል። አዲስ አበባ ያለው ልጅ፣ ወንድም፣ አማች ሁሉ ተጠራርጎ ይመጣል፤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው በሩን ነው። ከመስቀል በፊት ሥራ ያላገኘ በያጅ ከመስቀል በኋላ የሚያገኘው ምክር ብቻ ነው።

ክረምቱ ገባ። "ዳርጌ ዘመናዊ የብረት በርና መስኮት" የሚል ታፔላ ሰቀልኩ። የመጣው ሥራ የተሰነጠቀ ምድጃ፣ እግሯ የተሰበረ አልጋ፣ ጎኗ የተጨረመተ ባጃጅ ነው። አንድ ሽማግሌ ከዘራ አመጡ።

"በይድልኝ።"

"አባባ፣ ይሄ እኮ እንጨት ነው።"

"ታዲያ አንተ የምትሰራው ምንድን ነው?"

በላስቲክ ጠምጥሜ ሰጠኋቸው፤ ዛሬም ድረስ ጎበዝ በያጅ ነው እያሉ ያወሩልኛል። ብርቄ ግን ከሱቁ ጥግ ቁጭ ብላ ሁሉንም ታያለች። በዝምታዋ ውስጥ የወልቂጤ ሚኒባስ ሲነሳ ይሰማኛል።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አቶ ተካ መጡ። አዲስ አበባ የቧንቧ ዕቃ የሚነግዱ፣ ከቡታጅራ በላይ ተራራው ሥር ባለው መንደራቸው አዲስ ቤት ያሠሩ ሰው ናቸው። ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ገቡና ስልካቸውን አወጡ።

"ይሄን በር ታያለህ?"

አየሁ። ፀሐይ! ያውም አወቅኋት። ወልቂጤ እያለሁ እኔው ነኝ የበየድኳት፤ አንደኛዋ ጨረር ትንሽ ትረዝማለች።

"ያምራል" አልኩ።

"የታላቅ ወንድሜ የወልዴ በር ነው። ግቢያችን ጎን ለጎን ነው። አባታችን ካረፉ ጀምሮ መስቀልን የምናከብረው እሱ ጋ ነው፤ ሰንጋው እዚያ ገብቶ፣ እዚያ ታርዶ፣ ሽማግሌውም እዚያ መርቆ። ዘንድሮ በስንት ልመና እኔ ቤት ይሁን ተባለ። ስለዚህ ይሄን በር የሚያስረሳ በር እፈልጋለሁ።"

የራሴን ሥራ እንዳስረሳ ነው የተቀጠርኩት። ይህን አልነገርኳቸውም፤ ደንበኛን በዝርዝር ማድከም አይገባም። ይልቅ አፌ ራሱ ሮጠ።

"አቶ ተካ፣ እኔ የምሰራልዎት በር ፊት ለፊት ቆመው ፂምዎን የሚላጩበት ነው። ስቴንለስ ላሜራ፣ እንደ መስታወት። መሐሉ ላይ አረንጓዴ የእንሰት ቅጠል። አላፊ አግዳሚው ራሱን ሳያይ አያልፍም።"

"ወልዴም ራሱን ያይበታል?"

"እሳቸውማ ሲያዩ ይውላሉ።"

ቀብዱን ያን ጊዜውኑ ሰጡኝ። ብርቄ ከጥጓ ተነስታ ወንበር አቀረበችላቸው፤ ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ ለሰው ስትነሳ ገና ማየቴ ነበር።

በቡታጅራ መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነው። ሲመጣ ሁሉን ጥለህ ትቀበለዋለህ፤ ሲሄድ የት እንደሄደ አይናገርም። እኔ የክፈፉን የብረት ቱቦ፣ ቱቦላሬውን፣ ስቆርጥ ብርቄ ውሃ ልኩን ትይዛለች። "ወደ አንተ ትንሽ። ትንሽ አልኩህ እኮ! አሁን አለፈ።" ሐጂ እንኳ እንዲህ ተቆጣጥረውኝ አያውቁም። ክፈፉን በየድን፤ ስቴንለሱን ገጠምን፤ ቅጠሉን ቆርጬ አጠፍኩት፤ ደም ሥሩን በቀጭን ብረት አወጣሁለት፤ አረንጓዴ ቀባሁት። ብርቄ ላሜራውን በጨርቅ ስትወለውል ቆየችና ቆም ብላ በበሩ ውስጥ ሻሿን አስተካከለች።

"ያምራል?" አልኳት።

"ሻሹ ነው በሩ?"

"በሩ።"

"መስቀል ይምጣ" አለች።

በአይሱዙ ጭነን ስንወጣ ፀሐይ በሩ ላይ አረፈች። መንገደኛው ሁሉ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ፤ ከሩቅ ያየ ሰላምታ የምንለዋወጥ ሳይመስለው አልቀረም። ማጠፊያውን ከኮንክሪቱ ምሰሶ ጋር አስሬ፣ ግራሶ ቀብቼ፣ ሁለቱን መዝጊያዎች በአንድ ጣት ገፋኋቸው፤ ሄዱ፤ ተመለሱ። አቶ ተካ ፊታቸውን አይተው ክራቫታቸውን አጠበቁ። "ነገ እርዱ ነው፤ ሽማግሌው መርቆ ሳይከፍተው ማንም እንዳይነካው። አንተም ከባለቤትህ ጋር ና፤ ሰው ማን እንደሠራው ይጠይቃል" አሉኝ።

በማግስቱ መጣን። ጀፎረው፣ ማለት በሁለቱ ረድፍ ቤቶች መካከል ያለው ሰፊ ሣር፣ ሰው ብቻ ሆኗል። የአዲስ አበባ መኪኖች ጥግ ይዘው ቆመዋል። ብርድ ስለነበር ሁሉም ጋቢውን ተከናንቧል። የሠራሁት በር ተዘግቶ ያብረቀርቃል። በበሩ ፊት ሴቶች ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፤ ጎረምሶች ፀጉራቸውን። "ማነው የሠራው?" ሲባል ሰማሁ። ሳል ሳይኖርብኝ አሳለኝ።

ሽማግሌው ለምርቃት ሊቆሙ ሲሉ ሰንጋው ቀድሞ ደረሰ። ጋሽ ወልዴ ከፊት፣ ገመድ የያዙ ወጣቶች ከኋላ። ሰንጋው ቤት ያህላል፤ ቤት ስል የእኔን የኪራይ ቤት እንጂ የአቶ ተካን አይደለም። በሣሩ ላይ በሰላም ሲመጣ ቆየና በሩ ፊት ሲደርስ ቆመ።

አየ። በበሩ ውስጥ አንድ ሌላ ሰንጋ ቆሟል። ያውም ትልቅ። ያውም አጠገቡ አረንጓዴ የእንሰት ቅጠል አለ፤ ሊበላው ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጎረምሳ በስልኩ እየቀረፀ፣ "ኧረ ሰንጋው ሰልፊ ላይ ነው!" አለ። ያንን እንደጨረሰ ሰንጋው አንገቱን ዝቅ አደረገ። ገመድ የያዙት ወጣቶች አንዳንዶቹ ተጎተቱ፤ አንዳንዶቹ በረሩ። ድምፁ ቡታጅራ ገበያ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። በሩ ግን ቆመ። ማጠፊያው አልተነቀነቀም። ስቴንለሱ ላይ ከቅጠሉ ጎን ድስት የሚያስቀምጥ ጉድጓድ ወጣ።

"ክፈቱት! ክፈቱትና ይግባ!" አሉ አቶ ተካ ላብ እያጠመቃቸው። ምርቃቱ ቀረና ሁለቱ መዝጊያዎች ተከፈቱ። ባሰ። አሁን አንዱ ሰንጋ በግራው መዝጊያ፣ አንዱ በቀኙ ቆሞ ይጠብቀዋል። የእኛው ሰንጋ ይህንን አይቶ እግሮቹን ሣሩ ላይ ተከለ። ጎተቱት፤ ገፉት፤ ለመኑት። እምቢ።

ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። "ተካ፣ ምን ታስቸግረዋለህ? እኔ ቤት ይምጣ። እኔ በር ላይ ያለችው ፀሐይ ናት፤ ፀሐይ ማንንም አትዋጋም።" ሰው ሳቀ። ወጣቶቹ ገመዱን ወደ ጋሽ ወልዴ ግቢ ማዞር ጀመሩ። ሰንጋው እንደ በግ ተከተለ።

ያን ጊዜ የአቶ ተካን ፊት አየሁ። የተቆጣ ሰው ፊት ቢሆን ቀልድ አገኝለት ነበር። የልጅ ፊት ነበር፤ ዕጣው የወጣለት መስሎት እንደገና የተነጠቀ ልጅ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ሰውም ሁሉ አብሮ ዞረ።

ሐጂ ቤት ደንበኛ ሲቆጣ አንድ ዘዴ ነበረን፤ ዞር ብለን ሐጂን እናያለን፤ ሐጂ ይመልሳሉ። ከልማድ የተነሳ እኔም ዞር አልኩ። ከኋላዬ የቆመው አንድ እንሰት ነው። ቅጠሉ በነፋስ ተወዛወዘ እንጂ ምንም አልመለሰ። ትንሽ ራቅ ብላ ብርቄ ቆማለች። ድምፅ አላሰማችም፤ ከንፈሯ ግን "ወልቂጤ" ሲል አየሁት።

"አንዴ ቁሙ!" ብዬ ጮህኩ። ወጣቶቹ ቆሙ። "አቶ ተካ፣ በሩን ስሠራ ለሰው ብቻ ነው ያሰብኩት። እንግዳው ባለ ቀንድ መሆኑን ልጠይቅ ይገባኝ ነበር። ሰንጋው አሁን ይገባል። ጋቢዎን ይስጡኝ።"

"ጋቢዬን?"

"ጋቢዎን። እናንተም ስጡኝ! ሁላችሁም!"

የአቶ ተካን ጋቢ ወስጄ በግራው መዝጊያ አናት ላይ ጣልኩት። በዚያ በኩል ከነበረው ሰንጋ ግማሹ ጠፋ። ሰው ገባው። ጋቢ በጋቢ ላይ ይወረወርልኝ ጀመር፤ ብርቄ ነጠላዋን ሰጠችኝ፤ እኔ ግንቡ ላይ ወጥቼ አለብሳለሁ። ያ ሁሉ የተወለወለ ስቴንለስ እንደ ሙሽራ ተሸፈነ። ሰንጋውን መለሱት። ቀረበ። ቆመ። በቀኙ መዝጊያ አንድ ጋቢ የሚያህል ክፍተት ቀርቷል፤ በዚያ ውስጥ አንድ ትልቅ ዓይን ሰንጋውን ያየዋል።

ጋቢ የቀረው አንድ ሰው ላይ ነው። ጋሽ ወልዴ።

ጋሽ ወልዴ ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሰብሰብ አደረጉ።

"ብርድ ነው" አሉ።

"ወንድም ጋሼ" አሉ አቶ ተካ።

"ጉንፋን ቢይዘኝስ?"

"አስታምምሃለሁ።"

"እኔ እንዳንተ የሚያብረቀርቅ በር የለኝም፤ ያለችኝ ጋቢ ናት።"

"ወንድም ጋሼ፣ ሰው እያየን ነው።"

"እሱን በሩን ስታሠራ ብታስበው ጥሩ ነበር" አሉና፣ ሰውን ሁሉ በዓይናቸው አዙረው ካዩ በኋላ ጋቢያቸውን አውልቀው ወረወሩልኝ። ፊቴ ላይ አረፈ። ሆን ብለው ነው።

ክፍተቱን ሸፈንኩት። ሰንጋው ትንሽ አሸተተ፤ ጋቢው የጋሽ ወልዴ ጠረን አለበት፤ ሰንጋውን ከገበያ ጀምሮ ይዘውት የመጡት እሳቸው ናቸው። ገባ። እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌው ውስጥ ገብተው መረቁ፤ ምርቃቱ ላይ ለበያጁም ማስተዋል ይስጠው የሚል ጨመሩ። ሰው ሁሉ አሜን ሲል የብርቄ ድምፅ ከሁሉም በላይ ጎልቶ ተሰማ።

በዓሉ እስኪያልፍ በሩ ጋቢ ለብሶ ከረመ፤ እንግዶቹም ብርድ ብርድ እያላቸው ክትፎ በሉ። ከበዓሉ በኋላ ሄጄ ጉድጓዱን በነፃ አቀናዋለሁ፣ ላሜራውንም ፍዝዝ እንዲል በሸካራ ወረቀት አሸዋለሁ አልኩ። አቶ ተካ ማሸቱን ተቀበሉ። ጉድጓዱን ግን ጋሽ ወልዴ ከለከሉ፤ "ከነካኸው ጋቢዬን መልስ" አሉኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር በከዘራቸው እያሳዩ ታሪኩን የሚያወሩት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው አተራረክ ሰንጋው ሦስት ሆኗል።

ቪዲዮውም ተሰራጨ። ቡታጅራ ስመለስ ሱቄ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል። አንዱ፣ "ሰንጋ ያስደነገጥከው አንተ ነህ?" አለኝ። "አዎ።" "ማጠፊያው ግን ቆሟል አይደል?" "ቆሟል።" "በል እንደሱ ያለ፣ ግን የማያብረቀርቅ።" ከአረቅጥ ድረስ የመጣ ሰው ነበር። ብርቄ ወንበር አቀረበችለት፤ ማሽኑን ስለመሸጥም ደግማ አላነሳችም።

ወጣት በያጆች የራሳችንን እንክፈት ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ክፈቱ እላለሁ። ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ደንበኛው የአሠሪው ነው፤ ጥፋቱም የአሠሪው ነው። የራስህን ስትከፍት ሁለቱም ያንተ ይሆናሉ፤ ጥፋቱ ሲመጣ እዚያው ቆመህ ሥራውን መጨረስ አለብህ። ደግሞም ልኬት ከመውሰድህ በፊት በዚያ በር ማን ማን እንደሚገባ ጠይቅ።